ዳግማዊ ምኒልክና የይቅርታው ድንጋይ

በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በበላዩ ላይ ያመፀ ወይም ደም ያፈሰሰ ሰው ተጸጽቶ ምሕረት ሊለምን ሲመጣ እንዲሁ እጁን እያወዛወዘ አይመጣም። ድንጋይ በአንገቱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደ በደለው ሰው ይቀርባል። የተሸከመውንም ድንጋይ ቢደክመው እንኳ በገዛ እጁ አያወርደውም፤ አውርድ ማለት የተበዳዩ ፈንታ ነው። ተበዳዩ ዝም ካለ በዳዩ ከነሸክሙ ቆሞ ይቀራል። ይህን ሥርዐት በታሪክ መጻሕፍት ስናገኘው የቤተ መንግሥት ወግ ነው ብለን ገጹን እንገለብጣለን እንጂ ምን ያህል ነገር እንደ ያዘ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን።

ልብ ብንለው ግን ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅመን ነበር። ከመካከላችን በአንድ መኝታ ክፍል እያደረ ከጎኑ አልጋ ካለው ጓደኛው ጋር ወር ሙሉ የእግዜር ሰላምታ የማይለዋወጥ አይጠፋም። ምክንያቱ ቢጠየቅ በፈተና ዋዜማ ሳይመለስ የቀረ ደብተር፣ በስብሰባ መካከል የተወረወረች አንዲት ቃል፣ አንዳንድ ጊዜም፣ ብናፍርበትም እውነት ነውና እንጻፈው፣ አንድ ሳሙና ይሆናል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ግን ቂሙን እንዴት አድርጎ ማውረድ እንደሚቻል ያሳየን ሰው ብዙ አይደለም።

ስለ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሚጽፍ ሰው ዐድዋን፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ ስልኩንና የአዲስ አበባን መቆርቆር ማንሣት የተለመደ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ያንን ለሌሎች ትተን ድንጋዩን ብቻ ልንከተል አስበናል። ምክንያቱም ምኒልክ ይህን ድንጋይ ከሁለቱም ወገን የሚያውቁ ንጉሥ ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ራሳቸው ተሸክመውታል፤ በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ከሌላ ሰው ትከሻ ላይ አውርደውታል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በምትገኘው በአንጎለላ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው በቤተ መንግሥቱ ያገለግሉ ከነበሩት ሴቶች አንዷ እጅጋየሁ ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊያስገብሩ ሲዘምቱ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጅም በድል አድራጊው እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ቴዎድሮስ ግን የማረኩትን ልጅ በጨለማ ቤት አልጣሏቸውም። እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ የደጃዝማችነት ማዕረግ ሰጧቸው፤ ኋላም የገዛ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩላቸው። እስረኛ ነበሩ ወይስ ልጅ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሁለቱንም ነበሩ የሚል ነው።

በዚህ ሁኔታ ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ባለቤታቸውን እዚያው ትተው ከአምባው አመለጡ። መሸሻቸው በወሎ በኩል ነበርና የወሎዋ ንግሥት ወርቂት መንገድ ሰጧቸው። የወርቂት ልጅ ግን መቅደላ ላይ በመያዣነት ተይዞ ነበር፤ ቴዎድሮስ በምኒልክ ማምለጥ ተቈጥተው እርሱንና ሌሎችን የወሎ እስረኞች አስገደሉ። ስለ ምኒልክ ሲጻፍ ይህ ነገር በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን አንድ ወጣት ወደ አባቱ ዙፋን ሲገሠግሥ በኋላው የአንዲት እናት ልቅሶ መቅረቱን ሳናይ ማለፍ አልሆነልንም። የምኒልክ ንግሥና ከመጀመሪያው ጀምሮ የማይከፈል ዕዳ ነበረበት።

ሸዋ ሲደርሱ ቴዎድሮስ የሾሟቸውና ኋላ ራሳቸውን ንጉሥ ያሉት አቶ በዛብህ ሊገጥሟቸው ወጡ። ጦራቸው ግን የድሮ ጌቶቹን ልጅ ሲያይ ጌታውን ትቶ ወደ ምኒልክ ዞረ። ምኒልክም በዛብህን ማሯቸው። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን በዛብህ ቆይተው በአድማ ተከሰሱና በሞት ተቀጡ። ይቅር የተባለ ሰው ሁሉ ይቅርታውን እንደማይጠብቅ፣ ይቅር ያለም ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው እንደማይዘልቅ ምኒልክ ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው አዩ።

ከዚያም በቤታቸው ውስጥ ሌላ ፈተና መጣ። በ1869 ዓ.ም. እርሳቸው ከሸዋ ውጭ ዘምተው ሳለ ብዙ ዘመን አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ባፈና አድማ አስነሡባቸው። የአጎታቸው ልጅ መሸሻ ሰይፉም ሸፈተ። ንጉሡ ተመልሰው አገሩን ካረጋጉ በኋላ መሸሻን ታረቁት፤ ባፈናንም እንደ ወንጀላቸው ክብደት አልቀጧቸውም። በዚያን ዘመን ለአልጋ ብሎ ወንድሙን ዐምባ ላይ የሚያስር ገዥ ብዙ እንደ ነበር ስናስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንድ ሰዎች የምኒልክን ነገር ድካም ነው፣ ለሴት መሸነፍ ነው ይሉታል። ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የቤት ውስጥ ይቅርታ ምን ጊዜም ከድካም ጋር የተቀላቀለ መሆኑን ባልና ሚስት ያሉበት ቤት ያደገ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከነገሡ በኋላም ምኒልክ ያንኑ ስም ለራሳቸው ይዘው ነበር። ሁለት ንጉሠ ነገሥት በአንድ አገር ሊኖር አይችልምና በ1870 ዓ.ም. በጋ ዮሐንስ ብዙ ጦር ይዘው ሸዋ ገቡ። ሁለቱ ሠራዊት ተቃርቦ ሰፈረ። የምኒልክ መኳንንት እንዋጋ የሚሉና እንታረቅ የሚሉ ሆነው ተከፈሉ። በዚህ ጊዜ ካህናትና ሽማግሎች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር ይመላለሱ ጀመር። በእኛ አስተያየት የዚያ ዓመት ታላላቅ ሰዎች ሁለቱ ነገሥታት አይደሉም፤ ስማቸውን የማናውቃቸው እነዚህ ተመላላሾች ናቸው። የተጣሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱም መታረቅ ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ የሚራመደው ግን አይገኝም። እግሩን የሚያውሳቸው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። በመኝታ ክፍላችን ውስጥ በሁለቱ ኩርፈኞች መካከል ያለው ሦስተኛው አልጋ የማን እንደሆነ እያንዳንዳችን እናስብ።

በመጨረሻ በመጋቢት ወር ምኒልክ ከልቼ ወጥተው ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ወደ ዐፄ ዮሐንስ ቀረቡ። ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር፤ ከነገሡ 12 ዓመት አልፏቸዋል። በሺህ የሚቆጠር ወታደራቸው ቆሞ ያያል። ንጉሣቸው ድንጋይ ተሸክሞ የሚያይ ወታደር ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። ዮሐንስም ድንጋዩን አስወረዱላቸው። ዕርቁ ያለ ዋጋ አልነበረም፤ ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተዉ፤ ግብርም ሊከፍሉ ተስማሙ። ነገር ግን ዮሐንስ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው እኛን የሚያስገርመን። ድንጋይ የተሸከመውን ሰው ራቁቱን ወደ ቤቱ አልሰደዱትም። ጥቂት ቀን ቆይተው ያንኑ ድንጋይ የነበረበትን ሰው የሸዋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ደፉለት።

ይህ ፖለቲካ ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ ፖለቲካም ነው። ዮሐንስ በስተሰሜን ግብጾች ነበሩባቸውና በደቡብ ሌላ ጠላት ማቆየት አይመቻቸውም ነበር። እኛ ራሳችን በየቀኑ የምናደርገው ይቅርታ ግን ከጥቅም ሙሉ በሙሉ የጠራ ነውን? ደብተሩን ስለምንፈልገው የምንታረቀው ጓደኛ የለንምን? ጥቅም ስለ ተቀላቀለበት ዕርቁ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ዋናው ነገር የታረቀው ሰው ከዕርቁ በኋላ የሚቆምበት ስፍራ ማግኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አማርኛችን ምሕረትን፣ ይቅርታንና ዕርቅን ለይቶ ያውቃል። ምሕረት ከበላይ የሚወርድ ነው፤ ንጉሥ ይምራል፣ ዳኛ ይምራል። ዘመናችንን እንኳ ዓመተ ምሕረት ብለን እንቆጥራለን። ዕርቅ የሁለት ወገን ስምምነት ነው፤ ካሳም ሽማግሌም ይገባበታል። ይቅርታ ግን ከቀረ የወጣ ቃል ነው፤ ይቅር ማለት ይኸ ነገር በዚሁ ይቅር፣ ወደ ፊት አብሮን አይሂድ ማለት ነው። ይረሳ ማለት አይደለም። አባቶቻችን ይህን ቃል ሲመርጡ መርሳት እንደማይቻል ያውቁ ኖሯል።

ምኒልክ በልቼ የተማሩትን ለማሳየት አራት ዓመት ብቻ ፈጀባቸው። የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነዋል። ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን ሀብታም አገር ማን ይያዘው በሚል ጠብ ሁለቱ ንጉሦች በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ በወለጋ እምባቦ ላይ ተዋጉ። ጦርነቱ እጅግ ከባድ ነበር፤ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ደርሶ ድሉ የሸዋ ሆነ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ምኒልክም የጠላታቸው ቍስል እንዲታከም አደረጉ፤ በክብርም ያዟቸው። ስለዚህ ነገር ሲተረክ ምኒልክ ምርኮኛውን ድሉ ያንተ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርገኝ ነበር ብለው እንደ ጠየቋቸው፣ ተክለ ሃይማኖትም ሳይደብቁ ክፉውን ሁሉ እንደ ነገሯቸው ይባላል። ይህ በትክክል እንዲህ ሆነ ብለን አንምልም፤ ነገር ግን ሕዝብ ይህን ታሪክ ጠብቆ ያቆየው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ይቅርታ የሚደረግለት ሰው ንጹሕ መስሎ እንዲቀርብ አልተጠየቀም። ክፉ ሐሳቡን ተናግሮ ቍስሉ ታሰረለት።

ከዚህ በኋላ ግን ሁለቱ ሰዎች በፍቅር ኖሩ ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ሁለቱንም ተቈጥተው ከሁለቱም ግዛት ቀነሱ። ሁለቱም ቅር ስለተሰኙ ውሎ አድሮ በዮሐንስ ላይ በምስጢር ተስማሙ። ይኸውም ያ በልቼ ድንጋይ የወረደላቸው ሰው አውራጃቸውን ከዱ ማለት ነው፤ ምኒልክን ስለምንወድ ይህን ልንሸፍን አይገባንም። ዮሐንስ ነገሩን ሲያውቁ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ቅጣታቸውን በጎጃም ላይ አወረዱ፤ አገሩ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፣ ገበሬው አለቀ። ምኒልክ ለቃል ኪዳን ባልደረባቸው አልደረሱላቸውም። ስለዚህ ተክለ ሃይማኖትም በተራቸው ይቅር የሚሉት ነገር አገኙ። ዮሐንስ በዚያው ዓመት በመጋቢት መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቈስለው ሞቱ፤ ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጦሩ ወደ ዐድዋ ሲሰበሰብ ከእምባቦ 14 ዓመት በኋላ የጎጃም ሠራዊት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እየተመራ ከምኒልክ ጎን ተሰለፈ። በመካከላቸው ሁለት ጊዜ ያህል የሚያጣላ በደል ነበረ፤ ሁለቱም ግን በዚያው ይቅር ብለው መጡ።

ከዐድዋ በፊት በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ራስ መንገሻ ዮሐንስ ወደ አዲስ አበባ መጡ። አባታቸው መተማ ላይ ሲሞቱ ወራሼ ብለዋቸው ነበርና ለምኒልክ መገዛት መራራ ሆኖባቸው ቆይቷል፤ ከጣልያኖችም ጋር ተዋውለው ነበር። አሁን ግን ራስ አሉላንና ሌሎች የትግራይ መኳንንትን አስከትለው ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ቀረቡ። ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ተቀምጠዋል። ከ16 ዓመት በፊት የዚህ ሰው አባት ተቀምጠው እርሳቸው ድንጋዩን ተሸክመው ቆመው ነበር። በዚያች ሰዓት በልባቸው ምን እንደ ታሰባቸው የጻፈ የለም፤ ድንጋዩ እንዲወርድ ግን አዘዙ። መንገሻም ወደ ትግራይ ተመልሰው በሚቀጥለው ዓመት ከጣልያን ጋር ተዋጉ፤ በዐድዋም ነበሩ።

እስካሁን ያየነው ሁሉ መልካም ነው። አንድ ነገር ግን ሳያስጨንቀን አልቀረም። እስካሁን ይቅር የተባሉት ሁሉ ንጉሥ፣ ራስ፣ ወይዘሮ፣ የአጎት ልጅ ናቸው።

ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣልያኖች ተማርከው ነበር። ብዙዎቹ ወደ ሸዋ ተወስደው በየመኳንንቱ ቤት ተደለደሉ፤ የአዲስ አበባው ውል በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነርሱ ጋር ስለ ተማረኩት አስካሪዎች ግን ሌላ ፍርድ ተፈረደ። ለጣልያን አድረው የተዋጉ የዚሁ ምድር ልጆች ነበሩ፤ ወደ 800 የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈረጠ። አገር ለከዳ ሰው የቆየው ቅጣት ይህ ነው ተባለ። ምኒልክ በመኳንንቱ ግፊት እንጂ በልባቸው አልፈቀዱም የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ግን የንጉሥ ቃል የወረደው ከንጉሥ ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ወራሪ ሲማር፣ ምናልባት በረሃብ ምክንያት ለደመወዝ ያደረው የገበሬ ልጅ እጁንና እግሩን አጣ። ያ አስካሪ ድንጋይ ተሸክሞ ልቅረብ ቢል ማን ያቀርበው ነበር? ስለ እርሱ ከሰፈር ሰፈር የሚመላለስ ካህንስ ከወዴት ይገኛል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና በየካቲት 23 ቀን ስንጨፍር ይህን ደግሞ የሚያስታውስ ቤት መኖሩን ማወቅ ይገባናል።

ይህ ነገር የነገሥታት ብቻ መስሎን እንዳንታለል። የክፍላችን አለቃ ቢሰድበን ነገ እንስቃለን፤ ታዋቂው ተናጋሪ በስብሰባ ላይ ቢያዋርደን ምን ይደረግ ብለን እናልፋለን። በመመገቢያ አዳራሹ ወጥ ያፈሰሰብንን አሳላፊ ግን እስከ አለቃው ድረስ ሄደን እንከስሰዋለን። ይቅርታችን ወደ ላይ ሲሆን ቀላል፣ ወደ ታች ሲሆን ከባድ የሚሆነው ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሽት ውይይታችን ብናነሣው ጥሩ ነበር።

ድንጋይ ተሸክሞ ያልመጣ ትልቅ ሰውም ቢሆን አልተማረም። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ አገራቸውን ሲከላከሉ ቆይተው በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ተያዙ። ምኒልክን በድለው ሳይሆን አልገብርም ብለው ነበር የተዋጉት። በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ ወደ ከፋም ሳይመለሱ በእስር ሞቱ። ራስ መንገሻም በ1891 ዓ.ም. ዳግመኛ አምፀው እጃቸውን ሲሰጡ ሁለተኛ ድንጋይ አላዳናቸውም፤ አንኮበር ላይ በግዞት ተቀመጡ። ምኒልክ በዚህ ጊዜ የተሳሳቱ ናቸው ብሎ መፍረድ ይከብደናል፤ ጦር አዝምቶ ደም ያፈሰሰን ሰው ስንት ጊዜ ይማሩታል የሚለው ጥያቄ ለገዥ ሲሆን ለጓደኛ እንደሚሆነው አይደለምና። ስለ ጋኪ ሸሮቾ ግን እንዲህ ለማለት አንደፍርም።

ከ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ ደዌ ጸናባቸው። በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት የመታቸው በሽታ ሰውነታቸውን አሰረው፤ ቀስ በቀስም አንደበታቸው ተያዘ። በአገራችን አልጋ ላይ የወደቀ ሽማግሌ የመጨረሻው ቀን ሲቃረብ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ሎሌውን ሳይቀር አስጠርቶ ይቅር በሉኝ ይላል፤ የተጠሩትም እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ ብለው እነርሱም በተራቸው ይቅርታ ይጠይቁታል። ምኒልክ ይህን ማድረግ አልቻሉም። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ሲወገዱ፣ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በስማቸው ሲገዛ፣ እርሳቸው በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ቃል ሳይወጣቸው ተኝተው ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ እንዳይነገር ተደረገ፤ ስለዚህ ለቅሶ የደረሰ፣ በአስከሬናቸውም ፊት ቆሞ ይቅር ብያለሁ ያለ ሰው አልነበረም። ብዙ ዓመት ቆይቶ አስከሬናቸው በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በበዐታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።